«የጠመንጃ ዓይነት» ፍች ይሆናልን?

ስለ ባሩድ ዘመን ጠመንጃዎች ስያሜና ስለ ትርጉማቸው የቀረበ ሂስ

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ አንድን ቃል ሲፈታ ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው ነገሩ የሚመደብበትን ወገን መናገር ነው፤ ሁለተኛው በዚያው ወገን ውስጥ ካሉት መሰሎቹ የሚለይበትን ምልክት ማሳየት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ፈጽሞ ሁለተኛውን የተወ ፍች ጅምር ነው እንጂ ፍች አይባልም። በአማርኛ የቃላት ሥራ ውስጥ ይህ ጅምርነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የጦር መሣሪያ ስም ነው። «ስናድር»፣ «ውጅግራ»፣ «ለበን»፣ «ምንሽር» የሚሉት ቃላት ምን እንደ ሆኑ ለሚጠይቅ አንባቢ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የጠመንጃ ዓይነት» ወይም «የቀድሞ ጠመንጃ» የሚል ነው። አንባቢው ከአራቱ አንዱን ከሌላው ሊለይ ሳይችል መጽሐፉን ይዘጋል።

ልማዱ የአንድ ሰው ወይም የአንድ መጽሐፍ አይደለም። እንደ ተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን» (1951 ዓ.ም.) እና እንደ ደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ያሉት ታላላቅ ሥራዎች ለጠቅላላ አንባቢ የተዘጋጁ ናቸው። በዘመናቸው የነበረው አንባቢም እነዚህን ጠመንጃዎች በአባቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሊያያቸው ይችል ስለ ነበር፣ ነገሩን ከቃሉ ጋር ለማገናኘት ረጅም ፍች አያስፈልገውም ነበር ማለት ይቻላል። የዛሬው አንባቢ ግን ነገሩን አያውቀውም፤ ያለው ቃሉ ብቻ ነው። ቃሉም ካልተፈታለት ምንም የለውም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሂስ የሚያተኩረው በቀደሙት ላይ ሳይሆን፣ ዛሬ የእነርሱን አጭር ፍች እየገለበጥን በምንቀጥለው በእኛ ላይ ነው።

ጉዳዩ የታሪክ ወዳዶች ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ የትርጉም ሥራ ብንመረምር ይበቃል። በእጃችን የገባው ገጽ በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የትርጉም ሥራ ቤት የተዘጋጀ ነው። ባለጉዳዩ የዓድዋን በዓል ምክንያት በማድረግ ለሚያሳየው ትርኢት የድሮ ጠመንጃ የሚመስል ዕቃ ከውጭ አገር ለማስመጣት ያሰበ ሰው ነው። ከሻጩ የመጣለትን የእንግሊዝኛ የዋጋ ማቅረቢያ አስተረጎመ። በትርጉሙም ዕቃው እንዲህ ተብሎ ተገለጸ፦ «ተንከባላይ ብሎክ ያለው የጥቁር ዱቄት ካርትሬጅ ጠመንጃ ቅጂ፤ ባለ 70 ቅንጣት»። ባለጉዳዩ ከዚህ ዓረፍተ ነገር የተረዳው «ቅጂ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር፤ ከእርሱም በመነሣት የሚገዛው ዕቃ የመድረክ መጫወቻ ነው ብሎ አመነ። ዕቃው ግን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በተፈለሰፈው የሬሚንግተን ሥርዓት መሠረት ዛሬ አዲስ የተሠራ፣ እውነተኛ ጥይት የሚተኩስ፣ ሰው የሚገድል ጠመንጃ ነው። ደግነቱ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ነገሩ ተገለጠ። ይህ ዓረፍተ ነገር አምስት ስሕተቶችን አዝሏል፤ አምስቱም ከተርጓሚው ስንፍና ይልቅ የሚመነጩት ከመዝገበ ቃላታችን ባዶነት ነው። በየተራ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው «ጥቁር ዱቄት» የሚለው ነው። ዱቄት በአማርኛ በቅድሚያ የእህል ነው። ለጠመንጃው ማቀጣጠያ ከዐረብኛ የመጣውና ከብዙ ዘመን ጀምሮ የቋንቋው ሀብት የሆነው «ባሩድ» የሚለው ቃል አለ። በእንግሊዝኛ ውስጥ ያለው «ጥቁር» የሚለው ቅጽልም ከየት እንደ መጣ መታወቅ ይኖርበታል። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጢስ የማያበዛውን ባሩድ እስኪፈለስፍ ድረስ በዓለም ላይ የነበረው የጠመንጃ ባሩድ አንድ ዓይነት ስለ ነበር፣ ቀለሙን መጥቀስ አያስፈልግም ነበር። አዲሱ ሲመጣ ነባሩ መለያ ቅጽል ተጨመረለት። ይህ ዓይነቱ ስያሜ በአማርኛም እንግዳ አይደለም፤ የፈረንጅ ዶሮ ሲመጣ ዶሮ የነበረው «የሐበሻ ዶሮ»፣ የኤሌክትሪክ ካውያ ሲመጣ ካውያ የነበረው «የከሰል ካውያ» ሆኗል። በዚሁ ሥርዓት በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን መለየት ሲያስፈልግ «ጥቁር ባሩድ» እና «ጢስ አልባ ባሩድ» ማለት ይገባል። ጥቁር ባሩድ ከመቶው 75 እጁ ሶልትፒተር የሚባለው ጨው፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ ሆኖ የሚቀመም ነው። ሲተኮስ ወፍራም ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ተኳሹን ያጋልጣል፤ አፈሙዙን በጥላሸት ያቆሽሻል። ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በየዘመናቸው ያስገቧቸው ወይም የማረኳቸው ጠመንጃዎች አብዛኞቹ የዚህ ባሩድ ጠመንጃዎች ናቸው።

ሁለተኛው «ካርትሬጅ» ነው። ተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ያስገባው «ጥይት» የሚለው ቃል ስላልበቃው ይመስላል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። በዕለት ተዕለት ንግግር «ጥይት» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያመለክታል፤ ወደ ጠመንጃው የሚገባውን ሙሉ ዕቃም፣ ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደውንም። «ሁለት መቶ ጥይት ሰጠው» ስንል የመጀመሪያውን፣ «ጥይቱ ከእግሩ ወጣለት» ስንል ሁለተኛውን ማለታችን ነው። በተራ ጽሑፍ ውስጥ ዐውደ ንባቡ ራሱ ስለሚለየው ችግር የለም። ለምሳሌ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 በዚያው በኮልፌ የጦር ትምህርት ተምሮ ሲሰናበት ከአንድ ኢትዮጵያዊ ኮሎኔል ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር በስጦታ እንደ ተቀበለ በሕይወት ታሪክ መጽሐፉ (እ.ኤ.አ. 1994) ተርኳል። ይህን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «200 ጥይት» ቢል የሚሳሳት አንባቢ የለም። በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ግን መለየት ግዴታ ነው፤ ለመለየትም ባዕድ ቃል መበደር አያሻም። ሙሉውን ዕቃ «ጥይት»፣ ባሩዱን የሚይዘውን የናስ ወይም የወረቀት ቤት «ቀለህ»፣ ከአፈሙዙ የሚወጣውን «አረር»፣ የሚያስወነጭፈውን «ባሩድ» ብንል አራቱም ቃላት በሕዝቡ አፍ ያሉ ናቸው። የሚጎድለው የእያንዳንዱን ድንበር ወስኖ መጻፍ ብቻ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ሦስተኛው ስሕተት «70 ቅንጣት» የሚለው ነው። በእንግሊዝኛው የቀረበው 45–70 የተባለ የጥይት ስም ነው። ይህ ስም እ.ኤ.አ. በ1873 በአሜሪካ ጦር ከገባው ጥይት የመጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቁጥር የአፈሙዙን ስፋት በኢንች መቶኛ፣ ሁለተኛው የባሩዱን ክብደት ያመለክታል። ክብደቱ የተለካበት «ግሬይን» የሚባል ጥንታዊ መለኪያ ነው፤ አንዱ ግሬይን ከ0.065 ግራም ጋር እኩል ስለሆነ 70ው ወደ 4.5 ግራም ይሆናል። ቃሉ በመነሻው የእህል ፍሬ ማለት ስለሆነ ተርጓሚው «ቅንጣት» አለው፤ ባሩዱም በቁጥር የሚታደል ጥራጥሬ መሰለ። መለኪያ አይተረጎምም፤ «ግሬይን» ብሎ ትቶ በግራም ስንት እንደሚሆን ማስረዳት ይበቃል።

አራተኛው «ተንከባላይ ብሎክ» ነው። በአማርኛ ብሎክ ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው የቤት መሥሪያው ብሎኬት ነው። በጠመንጃው ውስጥ የሚንከባለል ነገር የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጥይቱ ከኋላ በኩል ከገባ በኋላ አንድ ወፍራም ብረት በችንካሩ ላይ ዞሮ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ መምቻውም ሲወድቅ ከሥሩ ገብቶ ደግፎ ይይዘዋል። ስለዚህ «ዟሪ መዝጊያ» ብንለው አንባቢው ሥራውን ከስሙ ይረዳል። «መዝጊያ» የሚለውን የቤት ቃል መሠረት ካደረግን ሌሎቹም ሥርዓቶች ስማቸውን ያገኛሉ። የስናድር «ወደ ጎን ተከፋች መዝጊያ» ነው፤ የማርቲኒ ሄንሪ በመያዣው ሲሳብ ወደ ታች የሚወርድ ስለሆነ «ወራጅ መዝጊያ» ነው፤ የውጅግራ እንደ በር መቀርቀሪያ ወደ ፊት ተገፍቶ የሚቆለፍ ስለሆነ «መቀርቀሪያ» ቢባል የተስማማ ነው።

እዚህ ላይ ስለ መጉረስ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። አማርኛ ጠመንጃን እንደ ሰው ያጎርሳል። ባሩድና አረሩን «አጎረሰው» ይባላል፤ ብዙ ጥይት የሚይዘውም «አምስት ጎራሽ» ይባላል። ይህን ያህል የተመቸ ግሥ እያለን አንዳንድ ተርጓሚዎች «በፊት ለፊት የሚሞላ» እና «በኋላ የሚሞላ» እያሉ የባዕዱን ቋንቋ ይከተላሉ። «በአፍ ጎራሽ»፣ «በኋላ ጎራሽ»፣ «አንድ ጎራሽ»፣ «ብዙ ጎራሽ» ብንል የአራት የሙያ ቃላት ዕዳ በአንድ የቤት ግሥ ይከፈላል። ከግእዝ አዲስ ጥምር ቃል ለመፍጠር ከመቸኮላችን በፊት ተኳሹ ራሱ ምን ይል እንደ ነበር መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራችን ሊሆን ይገባል።

አምስተኛውንና ዋናውን ስሕተት፣ «ቅጂ» የሚለውን፣ ከመመርመራችን በፊት ግን የጠመንጃ ስም በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ምን ዋጋ እንደ ነበረው ማየት ያስፈልጋል። ስሙ የዋጋና የሕግ ጉዳይ የሆነው ዛሬ ብቻ አይደለምና።

«ጠመንጃ» የሚለው ቃል ራሱ ከቱርክኛው «ታባንጃ» ጋር ይያያዛል፤ «ጠብመንጃ» የሚለው የቆየ አጻጻፍም የባዕዱን «ብ» ጠብቆ አቆይቷል። በቱርክኛ ቃሉ ሽጉጥ ማለት ሲሆን በእኛ ረጅሙን መሣሪያ ያዘ። «ነፍጥ» ከዐረብኛው «ነፍጥ» የመጣ ሲሆን በመነሻው ተቀጣጣይ ዘይትን የሚያመለክት ነበር። ሁለቱም የወል ስሞች ናቸው፤ ከለኩስ ጠመንጃ እስከ ዛሬው አውቶማቲክ ድረስ ያለውን ሁሉ ያቅፋሉ። እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ወዲህ የገቡት ስሞች ግን የወል አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሥርዓት፣ አንድ አገርና አንድ የመግቢያ በር ያመለክታሉ።

ስናድር የአሜሪካዊው የጄኮብ ስናይደር ስም ነው። በእርሱ አሠራር ከበአፍ ጎራሽነት ወደ በኋላ ጎራሽነት የተለወጠውን የኤንፊልድ ጠመንጃ የብሪታንያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1866 ተቀበለው፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የገጠመውም ይኸው ነበር። በአሮጌ የሆነውን «ጠመንጃ ከጠመንጃ ጋር ተገናኘ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ የአንዱ ወገን ተኳሽ ቆሞ በአፈሙዙ ባሩድ ሲጠቀጥቅ የሌላው ወገን ተኳሽ ብዙ ጊዜ ይተኩስ እንደ ነበር ሳይነግረን ያልፋል።

ሬሚንግተን በንግድ ብቻ ሳይሆን በድልም የገባ ነው። የግብፁ ከዲቭ እስማኤል ሠራዊት የታጠቀው ይህን ባለ ዟሪ መዝጊያ ጠመንጃ ነበር፤ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ሲሸነፍም መሣሪያው በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ወደቀ። ዛሬ አምሳያው በሰሜን ኢጣሊያ በብሬሺያ አውራጃ፣ በጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ አካባቢ ባሉ እንደ ፔደርሶሊ ባሉ ፋብሪካዎች እየተሠራ ለዓለም ገበያ ይቀርባል።

ውጅግራ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ነው። ባዚል ግራ የተባለው የጦር መኮንን ቀድሞ በወረቀት ቀለህ ይሠራ የነበረውን የሻስፖ ጠመንጃ ለናስ ቀለህ እንዲስማማ አድርጎ አሻሻለው፤ የፈረንሳይ ጦርም እ.ኤ.አ. በ1874 ተቀበለው። «ፉዚ» ራሱ በፈረንሳይኛ ጠመንጃ ማለት ስለሆነ «ውጅግራ ጠመንጃ» ስንል ጠመንጃ የሚለውን ሁለት ጊዜ መጥራታችን ነው። «ፍ» ወደ «ው»፣ «ዚ» ወደ «ጅ» ተለውጦ ቃሉ እስከዚህ ድረስ መላመዱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የቃሉ ምንጭ ካልተጻፈ የኋላው ክፍል ከ«ግራ» እጅ ጋር እንዲምታታ በር ይከፍታል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን የሌበል ጠመንጃ ሲይዙ የተረፋቸው ግራ በገፍ ለሽያጭ ቀረበ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በአማርኛ «ለበን» የሚባለው ከዚሁ ከሌበል ጋር የሚያያዝ ነው። እንግዲህ በውጅግራና በለበን መካከል ያለው ልዩነት የሁለት ባሩዶች፣ የሁለት ዘመናት ልዩነት ነው። ሁለቱን «የጠመንጃ ዓይነት» ብሎ ማለፍ ኩራዝንና አምፑልን «የመብራት ዓይነት» ብሎ እንደ ማለፍ ነው።

በዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚያስመጣ ሁሉ ይህን ልዩነት በገንዘቡ ያውቀው ነበር። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1886 ከታጁራ ተነሥቶ በ1887 ሸዋ ያደረሳቸው ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች በአውሮፓ ጊዜ ያለፈባቸው በአፍ ጎራሾች ነበሩ። ንግዱም እንዳሰበው ትርፍ አልሰጠውም። ያን ጊዜ ጠመንጃን ከጠመንጃ መለየት ያቃተው አስመጪ ወይም ገዢ ይከስር ነበር፤ ዛሬ መለየት ያቃተው ተርጓሚ ነው።

የሕጉም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የአንድ ግሥ ትርጉም ምን እንዳስከተለ ለተርጓሚ መንገር አያስፈልግም። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1890 የተፈረመው የብራስልስ ጠቅላላ ስምምነት ደግሞ በሰፊው የአፍሪካ ክፍል የጦር መሣሪያ እንዳይገባ ሲከለክል፣ በተለይ የጠቀሰው አፈሙዛቸው በውስጡ የተጠመዘዘ ቦይ ያላቸውንና የተሻሻሉትን ጠመንጃዎች ነው፤ ቦይ የሌላቸውን ባለ ቡላድ ጠመንጃዎችና ተራ የንግድ ባሩድ ግን በፈቃድ እንዲገቡ መንገድ ትቷል። ይህን አንቀጽ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በእጁ ያለው ቃል «ጠመንጃ» ብቻ ከሆነ የሚለው ነገር «ጠመንጃ ክልክል ነው፤ ጠመንጃ ግን ይፈቀዳል» የሚል ይሆናል። ስለዚህ «ጥምዝ አፈሙዝ» እና «ልሙጥ አፈሙዝ» የሚሉ ሁለት ቃላት እንዲጸኑ እንጠይቃለን። እንግሊዝኛው «ራይፍል» የሚለው ስያሜ የወጣው ከዚሁ ቦይ ነው፤ «መስኬት» የሚባለው ደግሞ በተለምዶ ልሙጥ አፈሙዝ ያለው በአፍ ጎራሽ ነው። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ሰዎች ውጅግራን «መስኬት» ሲሉት የዓድዋን ተዋጊ በትጥቁ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ይመልሱታል። ያንን የሚያነብ የውጭ አገር ሰው ድሉን በመሣሪያ ምርጫና በዕቅድ የተደገፈ አድርጎ ሳይሆን፣ ኋላ ቀር ጭፍራ በድንገት ያገኘው አድርጎ ይገምታል።

አሁን ወደ «ቅጂ» እንመለስ። ቅጂ በአማርኛ የጽሑፍ፣ የድምፅ፣ የሥዕል ነው፤ ከዋናው ያነሰ ዋጋ እንዳለውና ዋናውን እንደማይተካ ይጠቁማል። በእንግሊዝኛ «ሬፕሊካ» የሚባለው ግን በጠመንጃ ንግድ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። የመጀመሪያው የጥንቱን ሥርዓት ተከትሎ ዛሬ የተሠራና የሚተኩስ ጠመንጃ ነው። ሁለተኛው ቅርጹን ብቻ የያዘና ፈጽሞ የማይተኩስ የመድረክ ወይም የግድግዳ ዕቃ ነው። ሦስተኛው ገዢን ለማታለል ጥንታዊ ነው ተብሎ የሚቀርብ የሐሰት ሥራ ነው። የመጀመሪያውን «አምሳያ ጠመንጃ»፣ ሁለተኛውን «ማስመሰያ ጠመንጃ»፣ ሦስተኛውን «ሐሰተኛ ጥንታዊ» ብንል፣ ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ በዘመኑ የተሠራው ዋናው «ጥንታዊ ጠመንጃ» ይባላል። የኮልፌው ባለጉዳይ የፈለገው ማስመሰያ ነበር፤ የቀረበለት አምሳያ ነው፤ በትርጉሙ የተነገረው ግን «ቅጂ» የሚል፣ ከሁለቱም የማይገጥም ቃል ነው።

ልዩነቱ በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚከብድ የአሜሪካው የ1968 (እ.ኤ.አ.) የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ያሳያል። በዚያ ሕግ እ.ኤ.አ. እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራ ጠመንጃ ጥንታዊ ተብሎ ከቁጥጥሩ ውጭ ነው። አምሳያው ግን ይህን ነፃነት የሚያገኘው ዛሬ በገበያ የሚገኘውን የተለመደ ሙሉ ጥይት የማይተኩስ ሲሆን ነው። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ. በ1875 የተሠራ ሬሚንግተን እንደ ጥንታዊ ዕቃ ሲታይ፣ ከእርሱ ጋር በመልክ አንድ የሆነውና 45–70 የሚተኩሰው ያምናው አምሳያ እንደ ማንኛውም ጠመንጃ በሕጉ ቁጥጥር ሥር ይወድቃል። «ጥንታዊ ቅጂ» ብሎ የተረጎመ ሰው ሕጉን ገልብጦታል ማለት ነው። በእኛም አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትን ይከለክላል። «ቅጂ መስሎኝ ነው» የሚለው ምክንያት ባለጉዳዩን ከክስ ያድነዋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ነገሩ ከማስገባት ወደ ማስወጣትም ይሻገራል። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ከእነርሱም መካከል እንደ ኢጣሊያው ቬተርሊና እንደ ውጅግራ ያሉት፣ በአሜሪካ ገበያ ለሰብሳቢዎች በብዛት ተሽጠዋል። ሰብሳቢዎቹ እያንዳንዱን በሞዴሉ፣ በተሠራበት ዓመትና በመዝጊያው ዓይነት ለይተው ይገዙታል። ለእኛ «አሮጌ ጠመንጃ» የሆነው ለእነርሱ አሥር ስም አለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ያዛል። ይሁን እንጂ ስሙ ያልታወቀ ዕቃ ቅርስ መሆኑ በምን ይታወቃል? በመጋዘን ዝርዝር ላይ «አሮጌ ጠመንጃ፣ ብዛት ይህን ያህል» ተብሎ የተጻፈ ነገር ብረት ነው፤ «ውጅግራ፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል» ተብሎ የተጻፈ ግን ታሪክ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ሆነ ሌሎች ቤተ መዘክሮች ለሚያሳዩት መሣሪያ ትክክለኛ ስም የሚያገኙት ከመዝገበ ቃላት ነው። መዝገበ ቃላቱ «የጠመንጃ ዓይነት» ካላቸው ምን ሊጽፉ ይችላሉ?

ሂስ መፍረድ ብቻ እንዳይሆን፣ ከዚህ በላይ የተባለውን ይዘው ፍቾቹ ምን ሊመስሉ እንደሚችሉ ሦስት ናሙናዎች እናቀርባለን።

«ስናድር፦ ስም፤ ከእንግሊዝኛ፣ ከፈልሳፊው ከስናይደር ስም። በአፍ ጎራሽ የነበረው የኤንፊልድ ጠመንጃ ወደ በኋላ ጎራሽነት ተለውጦ የተሠራ፣ መዝጊያው በማጠፊያ ወደ ጎን የሚከፈት፣ አንድ ጎራሽ፣ ጥምዝ አፈሙዝ ያለው የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ፤ በብሪታንያ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1866 ጀምሮ የተያዘ።»

«ውጅግራ፦ ስም፤ ከፈረንሳይኛ፣ ፉዚ ግራ። በመቀርቀሪያ የሚዘጋ፣ አንድ ጎራሽ፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በናስ ቀለህ ያለ ጥይት የሚተኩስ የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ፤ በፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተያዘና በኋላ በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የገባ።»

«አምሳያ ጠመንጃ፦ ስም። የጥንታዊ ጠመንጃን ቅርጽና አሠራር ተከትሎ በኋላ ዘመን አዲስ የተሠራ፣ የሚተኩስ ጠመንጃ። ከማስመሰያ ጠመንጃና ከጥንታዊ ጠመንጃ ይለያል።»

አንባቢ እንደሚያየው ፍቾቹ ረጅም አይደሉም። እያንዳንዳቸው አምስት ጥያቄዎችን ይመልሳሉ፦ ቃሉ ከየት መጣ? በየት በኩል ይጎርሳል? መዝጊያው ምንድን ነው? ባሩዱ የቱ ነው? ዘመኑ መቼ ነው? በሕዝብ አነጋገር የአንዱ ስም ለሌላው ሊሰጥ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ በግጥምና በፉከራ ውስጥም ተኳሹ የጠመንጃውን ስም የሚጠራው ለቤት መምቻ ሊሆን ይችላል። ያ ሲሆን አዘጋጁ ጥብቁን ፍች ካስቀደመ በኋላ «በሰፊው» ብሎ ሁለተኛውን አጠቃቀም ቢያክል ሁለቱም ይጠበቃሉ። ሰፊውን ብቻ መጻፍ ግን ጥብቁን ማጥፋት ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው እነዚህ ቃላት የሞቱ ስለሆኑ ድካሙ አያስፈልግም የሚል ነው። ቃላቱ ግን በቀረርቶ፣ በፉከራ፣ በታሪክ መጻሕፍትና በየቤቱ በተሰቀለው መሣሪያ ስም ይኖራሉ። ንግዱም፣ ሕጉም፣ ቤተ መዘክሩም በየቀኑ ይጠራቸዋል። ሞተ የሚባለው ቃል የማይጠራው ነው እንጂ የማይፈታው አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ መዝገበ ቃላት የጦር መሣሪያ መማሪያ አይደለም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማንም የመዝጊያውን ችንካር እንዲቆጥርልን አልጠየቅንም። የጠየቅነው ለእህል ያደረግነውን ለጠመንጃም እንድናደርግ ነው። ጤፍን፣ ገብስንና ዳጉሳን ሦስቱንም «የእህል ዓይነት» ብሎ የሚያልፍ አዘጋጅ ቢኖር ገበሬ ይስቅበታል። ስናድርን፣ ውጅግራንና ለበንን በአንድ ሐረግ ስናልፋቸው የሚስቅብን ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ የሚያውቃቸው ትውልድ እያለፈ ስለሆነ ነው። ከዚያ ትውልድ የቀሩትን አዛውንት ጠይቆ መጻፍ የሚቻልበት ጊዜ ጠባብ ስለሆነ፣ የቃላት ክፍሉ ይህን ዘርፍ በቅድሚያ ከሚጠኑት ውስጥ እንዲያስገባው እናሳስባለን።